አንድ ቃል የገለበጠው ግራፍ

በአንታርክቲካ ባሕረ ገብ መሬት ምዕራባዊ ጠረፍ አጠገብ ቶርገርሰን፣ ቢስኮ እና ድሪም የተባሉ ደሴቶች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2009 ድረስ ክሪስተን ጎርማን የተባለች የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በእነዚህ ደሴቶች የሚኖሩ ፔንግዊኖችን ስትለካ ቆየች። የምንቃራቸው ርዝመትና ውፍረት፣ የክንፋቸው ርዝመት፣ ክብደታቸው፣ ጾታቸው ተመዘገበ። በመዝገቡ 344 ወፎች አሉ፤ አዴሊ፣ ቺንስትራፕ እና ጄንቱ የተባሉ ሦስት ዝርያዎች ናቸው። ይህ መዝገብ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ስታቲስቲክስ የሚማሩ ተማሪዎች እጃቸውን የሚያፍታቱበት መረጃ ሆኗል።

መረጃውን በኮምፒውተሩ የከፈተ አንድ ተማሪ እናስብ። የሚሠራው «አር» በተባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ ነው፤ ግራፍ የሚሠራበት ፓኬጅ ደግሞ «ጂጂፕሎት 2» ይባላል። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ምንቃሩ የረዘመ ፔንግዊን ምንቃሩ ይወፍራል ወይስ ይቀጥናል? ተማሪው ርዝመቱን በአግድሙ ዘንግ፣ ውፍረቱን በቋሚው ዘንግ ያደርጋል። ለእያንዳንዱ ወፍ አንድ ነጥብ ያስቀምጣል፤ ነጥቦቹን በየዝርያቸው ቀለም ይቀባል። በላያቸው የአዝማሚያ መስመር ይዘረጋል። መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ ቁልቁል ይወርዳል። እንግዲያው ምንቃር በረዘመ ቁጥር ይቀጥናል ማለት ነው።

አሁን ተማሪው አንዲት ነገር ብቻ ይለውጣል። «ቀለም በዝርያ» የምትለዋን ትእዛዝ ነጥቦቹ ከታዘዙበት መስመር ያነሣትና ከሁሉም በላይ ባለው የኮዱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ያስቀምጣታል። ሌላ ምንም አልነካም። ኮዱን ሲያስኬደው ግን አንዱ መስመር ጠፍቶ በቦታው ሦስት መስመሮች ይታያሉ፤ ሦስቱም ሽቅብ የሚወጡ ናቸው። በእያንዳንዱ ዝርያ ውስጥ ምንቃር በረዘመ ቁጥር ይወፍራል።

ወፎቹ ያው ናቸው፤ ልኬቱም ያው ነው። መደምደሚያው የተገለበጠው ዝርያዎቹ በአካል አሠራራቸው ስለሚለያዩ ነው። የጄንቱ ምንቃር በአማካይ 47.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ውፍረቱ ግን 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የአዴሊ በአንጻሩ 38.8 ሚሊ ሜትር ያህል ረዝሞ 18.3 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ሁለቱን በአንድ መስመር ለመግለጽ የሞከረ ሰው የዝርያን ልዩነት የርዝመት ውጤት አድርጎ ያነባል። የስታቲስቲክስ ሰዎች ይህን «የሲምፕሰን ፓራዶክስ» ይሉታል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1951 ስለ ጉዳዩ ከጻፈው ከኤድዋርድ ሲምፕሰን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያቺ ከመስመር ወደ መስመር የተዛወረች ትእዛዝ ናት። ግራፍ ስናይ የተፈጥሮን ፎቶግራፍ ያየን ይመስለናል። ግራፍ ግን አንድ ሰው የሰጣቸው ውሳኔዎች ድምር ነው፦ የትኛው መረጃ ቦታ ይሁን? የትኛው ቀለም? የትኛው ውፍረት? የትኛው ንጣፍ የቱን መረጃ ይመልከት? እነዚህ ውሳኔዎች በኮድ ሲጻፉ ይነበባሉ፤ የሚነበብ ነገር ደግሞ ሊጠየቅና ሊታረም ይችላል።

ሰዋስው ያለው ሥዕል

ለረጅም ጊዜ ግራፍ መሥራት ከዝርዝር መምረጥ ነበር። ባር ግራፍ፣ የመስመር ግራፍ፣ ክብ ግራፍ ተደርድረው ይቀርባሉ፤ ተጠቃሚው አንዱን ይጫናል፤ ፕሮግራሙ ይሠራለታል። ይህን አስተሳሰብ ከሥሩ የለወጠው ሊላንድ ዊልኪንሰን የተባለ አሜሪካዊ ነው። ዊልኪንሰን የሥነ ልቦና ምሁርና የስታቲስቲክስ ሊቅ ነበር፤ በ1980ዎቹ «ሲስታት» የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው «የግራፊክስ ሰዋስው» በተሰኘ መጽሐፉ የግራፍ ዓይነቶችን ዝርዝር ወደ ጎን ትቶ ግራፎች ሁሉ የሚሠሩባቸውን ጥቂት ክፍሎች ለይቶ አወጣ።

ክፍሎቹ ሲዘረዘሩ የሚያስደንቅ ነገር ይታያል። ባር ግራፍ እና ክብ ግራፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መስለው ኖረዋል። በዊልኪንሰን ሰዋስው ግን ክብ ግራፍ ማለት ተደራርቦ የተሠራ አንድ ባር ሆኖ ቀጥ ያለው ዘንግ በክብ የተጠቀለለበት ነው። መረጃው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የቦታ ሥርዓቱ ብቻ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ከተሰጠው ዝርዝር ነጻ ይወጣል፤ ማንም ስም ያላወጣለትን ግራፍ ከክፍሎቹ መገንባት ይችላል።

ሐሳቡን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ያደረሰው ኒውዚላንዳዊው ሃድሊ ዊክሃም ነው። ዊክሃም መጀመሪያ የተማረው የ«አር» ቋንቋ በሮስ ኢሃካና በሮበርት ጀንትልማን እጅ በተወለደበት በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለዶክትሬት ወደ አሜሪካ አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ ትምህርቱ ላይ እያለም እ.ኤ.አ. በ2007 «ጂጂፕሎት 2»ን ለሕዝብ ለቀቀ። በስሙ ውስጥ ያሉት ሁለቱ «ጂ»ዎች የዊልኪንሰንን መጽሐፍ የሚያስታውሱ ናቸው። ዊክሃም በሰዋስው ላይ የጨመረው ትልቅ ነገር ንብርብር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተመው ጽሑፉም ይህንኑ ያብራራል። በ2019 በስታቲስቲክስ ዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ሽልማቶች አንዱን፣ የ«ኮፕስ» ፕሬዚዳንቶች ሽልማትን ተቀበለ።

ንብርብር ሲባል ግራፉ በተነባበሩ ንጣፎች ይሠራል፤ እያንዳንዱ ንጣፍም የራሱ አምስት ነገሮች አሉት ማለት ነው። አንደኛ፣ መረጃ። ሁለተኛ፣ የመረጃው አምዶች ከየትኛው የሚታይ ባሕርይ ጋር እንደሚዛመዱ። ሦስተኛ፣ ቅርጹ፤ ነጥብ ወይም መስመር ወይም ባር ወይም ጽሑፍ። አራተኛ፣ ከመሣሉ በፊት የሚደረግ ስሌት፤ መቁጠር፣ አማካይ መውሰድ ወይም የአዝማሚያ መስመር ማስላት ሊሆን ይችላል። አምስተኛ፣ ቅርጾች ሲደራረቡ የሚሰጣቸው አቀማመጥ። ንጣፎቹ በመደመር ምልክት ይያያዛሉ፤ በኮዱ ኋላ የተጻፈው በሥዕሉ ላይ ከፊተኛው በላይ ይነጠፋል። ነጥቦችን ከመስመር በኋላ የጻፈ ሰው መስመሩን በነጥብ ይሸፍነዋል።

ከሁሉም በላይ ያለው የመጀመሪያው መስመር ንጣፎች ሁሉ የሚወርሱትን ትእዛዝ ይይዛል። አንድ ንጣፍ የወረሰውን ሊቀበል፣ በራሱ ሊተካ ወይም ጨርሶ ሊተው ይችላል። የፔንግዊኖቹ ምሥጢር የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ቀለሙ በነጥቦቹ ንጣፍ ብቻ በታዘዘ ጊዜ የአዝማሚያ መስመሩ ስለ ዝርያ አያውቅም ነበር፤ ስለዚህ ወፎቹን ሁሉ እንደ አንድ መንጋ አሰላ። ትእዛዙ ወደ ላይ ሲወጣ የመስመሩም ንጣፍ ወረሰው፤ ስለዚህ በየዝርያው ለየብቻ አሰላ። ቀለም ጌጥ መስሎ ገብቶ የስሌቱን ወሰን ወሰነ።

ማዛመድ ሌላ፣ መወሰን ሌላ

ጀማሪዎች በብዛት የሚደናገሩበት አንድ ቦታ አለ፤ ሰዋስውን በደንብ የሚያስረዳውም እሱ ነው። ነጥቦቹን ሁሉ ሰማያዊ ማድረግ የፈለገ ሰው «ቀለም፦ ሰማያዊ» የሚለውን ማዛመጃው ውስጥ፣ ማለትም «ኤ.ኢ.ኤስ.» በሚለው ቅንፍ ውስጥ ይጽፈዋል። ኮዱ ያለ ስሕተት መልእክት ይሠራል። ነጥቦቹ ግን ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይ ሆነው ይወጣሉ፤ በጎናቸውም «ሰማያዊ» የሚል የቀለም መፍቻ ይቆማል።

ፕሮግራሙ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። በማዛመጃው ቅንፍ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ መረጃ ነው። ስለዚህ «ሰማያዊ» የሚለውን ቃል እንደ አንድ የመረጃ ምድብ ተቀበለው፤ ለመጀመሪያው ምድብ በነባሪ፣ ማለትም ተጠቃሚው ሳይመርጥ፣ የተመደበውን ቀለም፣ ያንን ቀይ፣ ሰጠው፤ ለምድቡም መፍቻ ሠራለት። ትእዛዙ ከቅንፉ ውጭ ቢጻፍ ኖሮ ነጥቦቹ ሰማያዊ በሆኑ፣ መፍቻም ባልተሠራ ነበር።

ልዩነቱ የአጻጻፍ ሥርዓት ጉዳይ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ለአንባቢ የምንገባው ቃል ነው። ቀለምን ከመረጃ ጋር ማዛመድ «ይህ ቀለም የሚነግርህ ነገር አለ» ማለት ነው። ቀለምን በቋሚነት መወሰን ደግሞ «ይህ ቀለም ምንም አይነግርህም፤ አትፈልግበት» ማለት ነው። በጋዜጣና በሪፖርት ከምናያቸው ግራፎች ብዙዎቹ ይህን ይዘነጋሉ፤ አምስት ባሮችን በአምስት ቀለም ይቀቡና አንባቢው ቀለሙ ምን እንደሚል ሲፈልግ ይውላል።

ሚሊ ሜትር ቃል ስትሆን

ቃሉን በጠበቀ ግራፍ ከሚጠቀሱት ቀዳሚው የቻርልስ ጆሴፍ ሚናርድ ሥራ ነው። ሚናርድ ጡረታ የወጣ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1869 በ88 ዓመቱ፣ ናፖሊዮን በ1812 ወደ ሩሲያ ያዘመተው ሠራዊት እንዴት እንዳለቀ የሚያሳይ ካርታ አሳተመ። ዘመቻው ሲጀመር 422,000 ሰው ነበር። ሞስኮ የደረሰው 100,000 ነው። ተመልሶ የወጣው 10,000 ብቻ። ሚናርድ ይህን በአንድ ጥቅጥቅ መስመር ሣለው፤ ሲሄድ በቀላ ባለ ቡናማ፣ ሲመለስ በጥቁር። ደንቡንም ካርታው ላይ ጻፈው፦ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት 10,000 ሰው ነው። 42 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ የተነሣው ወንዝ አንድ ሚሊ ሜትር ሆኖ ያበቃል። ከሥሩ የመልሱ ጉዞ ቅዝቃዜ በሌላ መስመር ተዘርግቷል።

ዊክሃም በ2010 ጽሑፉ ሰዋስውን ለማስረዳት ከመረጣቸው ምሳሌዎች አንዱ ይህ ካርታ ነው። ሲፈታ ሁለት ንጣፍ ይሆናል፤ ሁለቱም የየራሳቸው የመረጃ ሰንጠረዥ አላቸው። አንዱ የሠራዊቱ መንገድ ነው፤ ኬንትሮስና ኬክሮስ ለቦታ፣ የተረፉት ሰዎች ቁጥር ለውፍረት፣ የጉዞው አቅጣጫ ለቀለም። ሁለተኛው የከተሞቹ ስም ነው፤ ጽሑፍ ብቻ። ሠራዊቱ በሦስት ክፍል ስለተጓዘ «ቡድን» የሚባል ተጨማሪ ማዛመጃ ያስፈልጋል። እሱ ከሌለ ፕሮግራሙ አንዱ ክፍል ካበቃበት ሌላው ወደሚጀምርበት መስመር ይስባል፤ ማንም ያልሄደበት መንገድ ካርታው ላይ ይታያል።

ከባዱ ጥያቄ ውፍረቱ ነው። በመረጃ ሰንጠረዡ ትልቁ ቁጥር የዋናው ክፍል መነሻ 340,000 ሲሆን ትንሹ 4,000 ነው፤ በመካከላቸው 85 እጥፍ አለ። ጂጂፕሎት በነባሪው ለመስመር ውፍረት የሚሰጠው ስፋት ግን ከ1 እስከ 6 ነው። ስለዚህ ነባሪውን የተቀበለ ሰው 85 እጥፍ የሆነውን እልቂት ወደ ስድስት እጥፍ አሳንሶ ያሳያል። ሥዕሉ ያምራል፤ ሚሊ ሜትሯ ግን ቃሏን አጥፋለች። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፦ የመረጃውንም የውፍረቱንም መነሻ ዜሮ ማድረግ። ያን ጊዜ ውፍረቱ ከሰው ቁጥር ጋር እኩል ይወርዳል።

«ስኬል» የሚባለው የሰዋስው ክፍል ሥራው ይህ ነው። ማዛመድ የትኛው አምድ ከየትኛው ባሕርይ ጋር እንደሚሄድ ይናገራል፤ ስኬል ደግሞ ምን ያህሉ ምን ያህል ሆኖ እንደሚታይ ይወስናል። ነባሪ ምርጫዎች በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው፤ ለመጀመሪያ ዕይታም ይበቃሉ። ለኅትመት የሚሄድ ግራፍ ግን እያንዳንዱ ስኬል በሠሪው ዐይን ተፈትሾ መጽደቅ አለበት።

ዐይን የሚለካውና የማይለካው

የሚታዩ ባሕርያት እኩል ጉልበት የላቸውም። ፈረንሳዊው የካርታ ሊቅ ዣክ ቤርተን እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፉ ቦታን፣ መጠንን፣ ድምቀትን፣ ቀለምን፣ ቅርጽንና ሌሎቹንም ለይቶ እያንዳንዱ ለምን ዓይነት መረጃ እንደሚስማማ መርምሯል። በ1984 ደግሞ ዊልያም ክሊቭላንድ እና ሮበርት ማክጊል ጉዳዩን በሙከራ ፈተሹት። ሰው በአንድ የጋራ መለኪያ ላይ ያለን ቦታ ሲያነጻጽር በጣም ትክክል ነው፤ ርዝመትን ሲያነጻጽርም ጥሩ ነው። ማዕዘን፣ ስፋትና የቀለም ድምቀት ላይ ሲደርስ ግምቱ እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ ዋናው መረጃ ቦታን ይውሰድ፤ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ያለው ቀለምን ወይም መጠንን ይውሰድ።

ቀለም ሌላም ኃላፊነት አለው። ከሰሜን አውሮፓ የዘር ሐረግ ካላቸው ወንዶች 8 በመቶ ያህሉ ቀይና አረንጓዴን ለመለየት ይቸገራሉ። ቀይና አረንጓዴ ብቻ የያዘ ግራፍ ለእነሱ ዝም ያለ ግራፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ለፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ ተጠቃሚዎች የተሠራው «ቪሪዲስ» የተባለው የቀለም ቅደም ተከተል ይህን ችግር ያቃልላል፤ ከጥቁር ሐምራዊ ተነሥቶ በአረንጓዴ በኩል ወደ ደማቅ ቢጫ ሲሄድ ድምቀቱ እኩል እየጨመረ ስለሚሄድ በጥቁርና ነጭ ቢታተምም ይነበባል። ከ2018 ጀምሮ ጂጂፕሎት ውስጥ ተካቷል። ሦስቱን የፔንግዊን ዝርያዎች በቀለምም በቅርጽም መለየት፣ ለምሳሌ አዴሊን ክብ፣ ጄንቱን ሦስት ማዕዘን ማድረግ፣ ብዙ አንባቢዎችን የሚያካትት ቀላል ልማድ ነው።

በፊደላችን፣ በዘመን አቆጣጠራችን

ኢትዮጵያ ውስጥ በአማርኛ ግራፍ ለሚሠራ ሰው እነዚህ ውሳኔዎች የራሳቸው መልክ አላቸው። በሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናቶች የተመዘገበውን ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት እንውሰድ። በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱት እ.ኤ.አ. በ2000 ጥናት 166፣ በ2005 123፣ በ2011 88፣ በ2016 67 ነበሩ።

መጀመሪያ የዓመቱ አምድ ይታይ። በቁጥርነት ከገባ በጥናቶቹ መካከል ያለው ርቀት አምስት፣ ስድስት፣ አምስት ዓመት ሆኖ ይታያል። በጽሑፍነት ከገባ ግን ጂጂፕሎት እንደ ምድብ ቆጥሮ አራቱንም በእኩል ርቀት ይደረድራቸዋል፤ የለውጡ ፍጥነት ይዛባል። ቀጥሎ ቋሚው ዘንግ ይታይ። በነባሪው የመስመር ግራፍ ዘንጉን ከመረጃው ዝቅተኛ ቁጥር አካባቢ ስለሚጀምር 67 ከሥዕሉ ወለል ላይ ይቀመጣል፤ ሞቱ ሊጠፋ ጥቂት የቀረው ይመስላል። ዘንጉ ከዜሮ ሲጀምር ሁለት እውነቶች አብረው ይታያሉ፦ መሻሻሉ ትልቅ ነው፤ በ2016 ከሺህ 67 ሕፃን ይሞትበት የነበረው አገርም ገና ብዙ ሥራ ነበረበት።

ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር መጻፍም ይቻላል፤ ጥናቶቹ 1992፣ 1997፣ 2003 እና 2008 ዓ.ም. ላይ ይውላሉ። የዘንጉ ቦታ ሳይነካ የመለያ ጽሑፉ ብቻ ይተካል። ሁሌ ስምንት መቀነስ ግን አያዋጣም፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ገደማ ልዩነቱ ሰባት ነው፤ አዲስ ዓመትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ይውላል። የወራት ስምም ጥንቃቄ ይሻል። ፕሮግራሙ ምድቦችን በፊደል ተራ ስለሚደረድር የወር የዝናብ ግራፍ ከሐምሌ ይጀምርና ወደ መስከረም፣ ከዚያ ወደ መጋቢት ይዘልላል። ትክክለኛውን ቅደም ተከተል አስቀድሞ ማስታወቅ ያስፈልጋል። በፊደላችን ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ደግሞ ችግሩ የፎንት ነው፤ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያለ ፎንት ተጭኖ በ«ራግ» ወይም በ«ሾውቴክስት» ፓኬጅ ሲጠራ ይፈታል።

የሚጠበቅብን

የግራፍ ኮድ ትልቁ ዋጋ ከውበት በላይ ነው። በመጫን ብቻ የተሠራ ግራፍ ውሳኔዎቹን ይደብቃል፤ ከዓመት በኋላ ሠሪው ራሱ ምን እንዳደረገ ላያስታውስ ይችላል። በኮድ የተሠራ ግን እያንዳንዱን ማዛመጃ፣ እያንዳንዱን ስኬል፣ እያንዳንዱን ንጣፍ ጽፎ ያስቀምጣል። ሌላ ሰው ያነበዋል፣ ይሞግተዋል፣ ያርመዋል። ጂጂፕሎትም «አር»ም በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ መሣሪያው ለሁሉም ክፍት ነው።

ስለዚህ ሁለት ጥሪ አለኝ። የጥናት ተቋማት፣ መሥሪያ ቤቶችና ጋዜጠኞች ግራፍ ሲያወጡ ኮዱንና መረጃውን አብረው ያውጡ። አንባቢም ግራፍ ባየ ቁጥር ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ቀለሙ ምን ይላል? ዘንጉ ከየት ይጀምራል? መስመሩ የተሰላው ሁሉን በአንድ ላይ ደምሮ ነው ወይስ በየወገኑ ለይቶ? እነዚህን መመለስ የማይችል ግራፍ ለውሳኔ መነሻ ሊሆን አይገባውም።